ሳም ሎይድና ያልተሰጠው ፓተንት

ሳም ሎይድ በ1841 ዓ. ም. (ዘመኑ ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በፊላዴልፊያ ከተማ ተወልዶ በኒው ዮርክ አደገ። የመዠመሪያው የቼዝ ጥያቄው በጋዜጣ ሲታተምለት ዕድሜው ገና 14 ነበር። ከዚያ ወዲያ ኑሮው እንቆቅልሽ መፍጠርና መሸጥ ኾነ። ባርነም የተባለው ዝነኛ የሰርከስ ባለቤት እንኳ የሎይድን የአህዮችና የጋላቢዎች የወረቀት እንቆቅልሽ ገዝቶ ለማስታወቂያ ተጠቅሞበታል።

ነገር ግን ከኹሉ ይልቅ ስሙን ያስጠራው የእርሱ ያልኾነ ነገር ነው። ይኸውም በአራት ማዕዘን ሣጥን ውስጥ ከ1 እስከ 15 ቊጥር የተጻፈባቸው ጠፍጣፋ እንጨቶች አንድ ባዶ ቦታ ትተው ይቀመጣሉ፤ ተጫዋቹ ሳያነሣ በማንሸራተት ብቻ በየተራቸው ያሰልፋቸዋል። ይህን ያሰበው በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በካናስቶታ የፖስታ ቤት ሹም የነበረው ኖይስ ቻፕማን ነው። በሐርትፎርድ ከተማ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች እየሠሩ ሸጡት። በ1880 አሜሪቃ በዚሁ ሣጥን አበደች፤ እብደቱም ወደ አውሮፓ ተሻገረ።

ቻፕማን በዚያው ዓመት ፓተንት፣ ማለት የፈጠራ ባለመብትነት ወረቀት፣ ጠየቀ፤ ተከለከለም። ኧርነስት ኪንዚ የተባለ ሰው በ1878 በሣጥን ውስጥ ለሚንሸራተቱ እንጨቶች ፓተንት ወስዶ ስለ ነበር፣ የቻፕማን ከዚያ እምብዛም አልተለየም ተብሎ እንደ ኾነ ይታመናል። የአሜሪቃ ዳኞች በ1851 በሸክላ የበር እጀታ ክርክር በሰጡት ፍርድ፣ ማንኛውም ባለሞያ በቀላሉ የሚደርስበት ነገር አዲስ ቢኾንም ፈጠራ አይባልም ብለው ነበር። እኔ ግን ከፖስታ ቤቱ ሹም ጋራ ነኝ፤ ከተሠራ በኋላ ቀላል የማይመስል ምን አለ?

ሎይድ ከ1891 ዠምሮ ሣጥኑን የፈጠርኹት እኔ ነኝ ይል ዠመር። 14ና 15 ብቻ ቦታ ተለዋውጠው ሲገኙ ኹሉን ወደ ተራው ለሚመልስ ሰው 1000 ዶላር እሰጣለኹ አለ። ገንዘቡ ከኪሱ እንደማይወጣ ያውቃል! ባዶው ቦታ ከጥጉ ተነሥቶ ወደ ጥጉ እስኪመለስ የሚደረገው እርምጃ ኹልጊዜ ለሁለት የሚካፈል ነው፤ ሁለት እንጨት ብቻ ለማለዋወጥ ግን ለሁለት የማይካፈል እርምጃ ያስፈልጋል። ጆንሰንና ስቶሪ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ይህን በ1879 አስረድተው ነበር።

የፓተንት ሹሙ መፍትሔ እንዳለው ሎይድን ጠይቆት፣ የለውም ቢለው፣ የማይሠራ ነገር ፓተንት አይገባውም ብሎ መለሰው የሚልም ወሬ አለ። ወሬው ያስቃል፤ ዳሩ ግን ጄሪ ስሎከምና ዲክ ሶነቬልድ በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ሎይድ በሣጥኑ ፈጠራ እጁ እንደሌለበት አሳይተዋል።

በ1896 ግን ሎይድ የራሱን ፓተንት አገኘ። በምድር ሥዕል ላይ አንድ ክብ ወረቀት ሲሽከረከር 13 የቻይና ተዋጊዎች 12 ይኾናሉ። ሥዕል ቈርጦ በማንሸራተት አንዱን የመሰወር ዘዴ በ1880 በእንቁላል ሥዕል ታትሞ ወጥቶ ነበር። እንዲያም ኾኖ ለሎይድ ወረቀቱ ተሰጠው።

በ1911 ሞተ። በ1914 ልጁ 5000 እንቆቅልሾች የያዘውን የአባቱን መጽሐፍ ሲያሳትም፣ የቻፕማን ሣጥን በሎይድ ስም ገባ።