በሕጉ ያፌዙት ሕግ አስከባሪ

ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑ፣ አንዱም ገበያውን ለብቻው ጠቅልሎ እንዳይዝ የሚከለክለው የሸርማን ሕግ በአሜሪካ የወጣው በ1890 ዓ.ም. ነው (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በዓመቱ በዋዮሚንግ አገር፣ በላራሚ ከተማ ቱርማን አርኖልድ ተወለዱ። በፕሪንስተንና በሃርቫርድ ተምረው ጠበቃ ሆኑ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመቱ፤ የትውልድ ከተማቸውም ከንቲባ ነበሩ። በ1930 ዓ.ም. በዬል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህርነት ያዙ።

በ1937 ዓ.ም. ስለ ካፒታሊዝም ልማዳዊ እምነቶች የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ የሸርማንን ሕግ ፍሬ እንደሌለው ሥርዓት ቈጠሩት፤ ይኸውም ፖለቲከኛው በኩባንያዎች ላይ ይጮኻል፣ የሕዝቡ ቍጣ ይበርዳል፣ ኩባንያዎቹም በሰላም መስፋፋታቸውን ይቀጥላሉ ማለት ነው። በዚህ ጩኸት ዝና ካተረፉት አንዱ አድርገው የጠቀሷቸው ሴናተር ቦራን ነበር።

ታዲያ በ1938 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ይህንኑ ሕግ የሚያስፈጽመውን የፍርድ ሚኒስቴር ክፍል እንዲመሩ የሾሙት እኒህኑ መምህር ሆነ። ሹመቱን ለመመርመር ከተቀመጡት ሴናተሮች አንዱ ደግሞ ቦራ ነበሩ! አርኖልድ ፈተናውን አለፉ። ነገሩ ሲታሰብ ግን የሚመስለውን ያህል ተቃርኖ የለበትም፤ ሕጉ ባዶ የሆነው ከልቡ የሚያስፈጽመው ሰው ስላጣ ከሆነ፣ ጕድለቱን ከሁሉ ቀድሞ ያየው ሰው ቢሾም ምን ያስገርማል?

የክፍሉን ጠበቆች ቍጥር ብዙ እጥፍ አሳደጉ። የእርሳቸው ጥያቄ ኩባንያው ምን ያህል ትልቅ ነው ሳይሆን በገዢው ኪስ ላይ ምን አደረሰ የሚል ነበር። ስለዚህ የቤት ሥራ ዋጋ የተወደደበትን ምክንያት ሲመረምሩ ዕቃ አምራቹን፣ አከፋፋዩን፣ ተቋራጩንና የሠራተኛ ማኅበሩን አንድ ላይ ከሰሱ። ክሱ የወንጀል ነው፤ ተከሳሹ አሠራሩን ለማስተካከል ከተስማማ ግን ውሉ በፍርድ ቤት ይጸድቅለታል። ሕጉ ከወጣ ጀምሮ በግማሽ ምእተ ዓመት ከቀረቡት ክሶች ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው በአርኖልድ አምስት ዓመታት የተከፈቱ ናቸው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የሐኪሞች ማኅበር ጕዳይ ነው። በዋሽንግተን የመንግሥት ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው፣ በደመወዝ ሐኪሞች ቀጥረው በወር በተወሰነ ክፍያ መታከም ጀመሩ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በዚህ ተቈጣ፤ የተቀጠሩት ሐኪሞች ከማኅበር እንዲወጡ፣ ሆስፒታሎችም እንዳይቀበሏቸው አደረገ። አርኖልድ ይህን ማኅበር እንደ ማንኛውም ነጋዴ ከሰሱት። በ1943 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን አጸና። መቀጫው 2,500 ዶላር ብቻ ነበር፤ የጸሐፊዎቹ ሕክምና ግን ቀጠለ።

በሠራተኛ ማኅበራት ላይ የከፈቱት ዘመቻ አልተሳካም፤ በ1941 ዓ.ም. በአናጢዎች ማኅበር መሪ በሃቺሰን ጕዳይ ተረቱ። ጦርነቱም ሲመጣ የጦር መሣሪያ ሥራ እንዳይስተጓጐል እየተባለ ክሶቻቸው በየተራ ለሌላ ጊዜ ተላለፉ። በ1943 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ተደርገው ተሾሙ፤ ማዕረጉ ከፍ ያለ ቢሆንም ሥራው ስላልተስማማቸው በ1945 ዓ.ም. ለቀቁ።

ከአቤ ፎርታስና ከፖል ፖርተር ጋር የከፈቱት የጥብቅና ቢሮ ትልልቅ ኩባንያዎችን ደንበኛ አደረገ። ይህን ለመውቀስ የሚቸኵል ሰው ግን የቢሮውን ሌላ መዝገብ ይመልከት፤ ማን እንደከሰሳት ሳይነገራት ታማኝ አይደለሽም ተብላ ከሥራ የተባረረች አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ያለ ክፍያ ጠበቃ ያገኘችው እዚያው ነው። በ1951 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አራት ለአራት ተከፈሉ፤ ስለዚህ የበታቹ ፍርድ ጸና፣ ሴትዮዋም ወደ ሥራዋ ሳትመለስ ቀረች። አርኖልድ በኅዳር 1969 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ስማቸው ከዚያ ቢሮ በር ላይ አልወረደም።