ሎን ቼኒ፦ በእጁ የተናገረ፣ በፊቱ ያስፈራ

አስፈሪ ፊልም ማለት ምን ማለት ነው ብላችሁ ጓደኞቻችሁን ብትጠይቁ አንዱ ደም ይላል፣ አንዱ ጋኔን ይላል፣ ሌላው በጨለማ ቤት ውስጥ ብቻዋን የቀረች ልጅ ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። የሎን ቼኒን ሕይወት ካነበብኩ በኋላ ግን መልሴ ተለወጠ። ቼኒ የሞተው በ1930 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እዚህ አገር በምንቆጥርበት አቆጣጠር ነው)። በእሱ ዘመን የፊልም ኩባንያዎች አስፈሪ ፊልም ብለው ለብቻው የሚጠሩት ዓይነት ገና አልነበራቸውም። ስያሜው የተስፋፋው በ1931 «ድራኩላ» እና «ፍራንከንስታይን» ከወጡ በኋላ ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የመጡት ፊልሞች የሚያስፈሩበትን መንገድ ቀድሞ ካሳዩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ቼኒ ኤፕሪል 1 ቀን 1883 በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር። አባቱም እናቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። የእናቱ አባት በ1874 በዚያው በኮሎራዶ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የመሠረተ ሰው ነው፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ልጅ ነገሩን የሚያስረዳው በእጁ፣ በፊቱና በትከሻው ነው። ቼኒ ገና ትንሽ ልጅ እያለ እናቱ በከባድ የመገጣጠሚያ በሽታ የአልጋ ቁራኛ ሆነች። ትምህርቱን በአንደኛ ደረጃ አቁሞ እሷን ማስታመም ያዘ። ውጭ ሲወጣ ጎረቤቱን፣ ባለሱቁን፣ መንገደኛውን እያየ ይመለስና አልጋዋ አጠገብ ቆሞ አካሄዳቸውንና አኳኋናቸውን እያስመሰለ ያሳያት ነበር። ለእሷ የቀኑ ወሬ እሱ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከመካከላችን በልጅነቱ ለእናቱ ሐኪም ቤት፣ ለአባቱ ቢሮ ያላስተረጎመ ስንት ሰው አለ? እኔ የ9 ዓመት ልጅ ሆኜ ሐኪሙ በዕብራይስጥ የነገረኝን ለእናቴ ስነግራት የአማርኛው ቃል ጠፍቶኝ ሆዴን በእጄ ይዤ ፊቴን እያጨማደድኩ አስረድቻታለሁ። በምማረው በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት እንዲህ ያለውን ልጅ ወላጅ የሆነ ልጅ ይሉታል። ስሙ ትክክል ነው፣ ግን ግማሹን ነው የሚናገረው። ልጁ ያለ ዕድሜው ይደክማል፤ የዚያኑ ያህል ደግሞ ሰውን ከፊቱ ማንበብ ይማራል።

ቼኒ ሲጎረምስ በከተማው ቲያትር ቤት የመድረክ ዕቃ ማመላለስ ጀመረ። ከዚያ ተዋናይ ሆኖ ከከተማ ከተማ ከሚዞሩ ቡድኖች ጋር ተንከራተተ። በ1905 ክሊቫ ክሬይተን የምትባል የ16 ዓመት ዘፋኝ አገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት ክሬይተን ብለው የሰየሙት ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ገንዘብ አልነበረም፣ ትዳሩም ጭቅጭቅ የበዛበት ነበር። በ1913 ክሊቫ እሱ ወደሚሠራበት የሎስ አንጀለስ ቲያትር ቤት ሄዳ መርዝ ጠጣች። ሕይወቷ ተረፈ፤ ድምጿ ግን ተበላሸ፣ ዘፋኝነቷም በዚያው ቀረ። ተፋቱ። ወሬው ስለተሰማ ቼኒ በቲያትር መቀጠል አልቻለም፤ ወደ ፊልም የገባው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሲመኘው ኖሮ አይደለም። ልጁ በሰው እጅና በአዳሪ ቤት ቆይቶ ቼኒ በ1915 ሄዘል ሄስቲንግስን ሲያገባ ወደ አባቱ ተመለሰ። እናቱ የሞተች መስሎት አደገ። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

በዩኒቨርሳል ኩባንያ በብዙ አጫጭር ፊልሞች ላይ ትንሽ ትንሽ ሚና ሲሠራ ከረመ። በሳምንት 125 ዶላር ይከፈለኝ ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ስላሉት ትቷቸው ወጣ። ዕድሉ የተከፈተው በ1919 «ዘ ሚራክል ማን» በተባለው ፊልም ነው። በዚያ ላይ ሽባ መስሎ ሕዝብ የሚያታልል ሰው ሆኖ፣ እየተሳበ መጥቶ በተመልካች ፊት እጅና እግሩን አንድ በአንድ ሲዘረጋ ይታያል። በ1920 «ዘ ፔናልቲ» ላይ ሁለት እግሮቹ የተቆረጡ ወንበዴ ለመሆን እግሮቹን ወደ ኋላ አጥፎ በማሰሪያ አስሮ በጉልበቱ ሄደ። ሕመሙን ብዙ ጊዜ ሊችለው ስለማይችል በየመሃሉ ይፈቱት ነበር። በ1923 «የኖትር ዳም ጎባጣ» ላይ ኳሲሞዶን ሲሠራ ደግሞ በጀርባው ጉብታ ተሸክሞ፣ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ነበር። የጉብታው ክብደት እንደ ተራኪው ይለያያል፤ አንዳንዱ ሰው ሊሸከመው የማይችል ያደርገዋል፤ እኔ ብዙም አላምንም። ዋናው ነገር ሜካፑን ሁሉ በራሱ እጅ መሥራቱ ነው። ሙያውን ከማወቁ የተነሳ የብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያ ስለ ሜካፕ የሚያወጣውን ጽሑፍ ያጻፈው እሱን ነው። ቅጽል ስሙም ባለ ሺህ ፊቱ ሰው ሆነ።

የሁሉም አናት ግን የ1925ቱ «የኦፔራው መንፈስ» ነው። በፓሪስ ኦፔራ ቤት ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ የሚኖር፣ ፊቱ የራስ ቅል የሚመስል ሰው አንዲት ዘፋኝ ይወዳል፤ ጭምብል ለብሶ ወደ ዋሻው ይወስዳታል። ቼኒ የአፍንጫውን ጫፍ ወደ ላይ ስቦ፣ ቀዳዳዎቹን በጥቁር ቀለም አስፍቶ፣ ጉንጩን ከውስጥ ሞልቶ፣ የተንጋደደ ሰው ሠራሽ ጥርስ አድርጎ ነው ያንን ፊት የፈጠረው። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ፊቱ በማስታወቂያ ላይ እንዳይታይ ተደረገ። ጭምብሉ የሚነሳበትን ቦታ ፈልጋችሁ እዩት። ሰውየው ወደ እኛ ዞሮ ኦርጋን ይጫወታል፤ ልጅቷ ከኋላው ናት። ቀስ ብላ እጇን ትሰድና ጭምብሉን ትገፈዋለች። ፊቱን መጀመሪያ የምናየው እኛ ነን፣ እሷ ገና አላየችም። ከዚያ ይዞርባታል። ለአንድ አፍታ ከእሷ ቀድመን ማወቃችን ነው የሚያስደነግጠን። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ የልጅቷን ጩኸት በአፏ መከፈት ብቻ ነው የምናውቀው። ቀጥሎ ሰውየው ሲያፍርና ሲያዝን እናያለን፤ ያኔ የደነገጠው ሰው ማዘን ይጀምራል። ለእኔ አስፈሪ ፊልምን አስፈሪ ፊልም የሚያደርገው ይህ ነው፦ ከፊት የምንሸሸው ፊት የሰው ፊት መሆኑን ማወቅ።

የዳይሬክተር ቶድ ብራውኒንግና የቼኒ ፊልሞች 10 ናቸው። ከነሱ ሁሉ ያልረሳሁት በ1927 የወጣው «ዘ አንኖውን» ነው። ቼኒ በሰርከስ ውስጥ እጅ የሌለው መስሎ በእግሩ ቢላ የሚወረውር ሰው ነው፤ በእውነቱ ግን እጆቹን ከልብሱ ሥር አስሮ ደብቋቸዋል። የወንድ እጅ ሲነካት የምትሸበር ልጅ ይወዳል። እሷን ለማግኘት ብሎ ሐኪም ዘንድ ሄዶ እጆቹን በእውነት ያስቆርጣል። ሲመለስ ልጅቷ ፍርሃቷ ለቋት የሌላ ሰው እጮኛ ሆና ያገኛታል። ይህን ሲሰማ በቼኒ ፊት ላይ ሳቅና ልቅሶ ይቀላቀላሉ። እንዲህ ያለ ትወና በዚህ ዘመን ፊልም ስንት ጊዜ አይተናል? በዚያው ዓመት የሠሩት «ለንደን አፍተር ሚድናይት» ግን ጠፍቷል፤ የመጨረሻው ቅጂ በ1965 በኩባንያው መጋዘን ቃጠሎ ነደደ።

ወደ ዘመናችን ፊልሞች ስንመጣ ብዙው ነገር ከዚህ ጋር የሚገናኝ ይመስለኛል። በ1973ቱ «ዘ ኤክሶርሲስት» ላይ የሚያስፈራው አልጋ ላይ ያለች ልጅ ፊቷ በእናቷ ዓይን ፊት መለወጡ ነው። በ2017ቱ «ጌት አውት» ላይ ጥቁሩ ወጣት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳይጮህ ዓይኑ ተፈጥጦ እንባው ሲወርድ የምናየው ነገር ድምፅ ቢጠፋም ያው ነው፤ በማኅበራችን ውስጥ ስለዚያ ፊት ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው የለም። በ2018ቱ «ኤ ኳይት ፕሌስ» ደግሞ ድምፅ ያሰማ ሰው በሚገደልበት ዓለም አንድ ቤተሰብ በምልክት ቋንቋ እየተነጋገረ ይኖራል፤ ልጃቸውን የሠራችው ሚሊሰንት ሲመንድስም በእውነተኛ ሕይወቷ መስማት የተሳናት ናት። ከቼኒ ጀምሮ ያልሄደ ሰው በዚህ ፊልም ሐሳብ አዲስነት ሊደነቅ ይችላል፤ ለቼኒ ግን የልጅነት ቤቱ ነበር።

ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ቼኒ ለብዙ ጊዜ አመነታ። በመጨረሻ በ1930 «ዘ አንሆሊ ስሪ» የተባለውን የቀድሞ ፊልሙን በድምፅ ሠራው፤ በተለያየ ድምፅ እየተናገረ ሺህ ድምፅም እንዳለው አሳየ። ያ ብቸኛው ሆነ። የሳንባ ካንሰር ነበረበትና ኦገስት 26 ቀን 1930 ጉሮሮው ደምቶ በ47 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻ ቀኖቹ መናገር ስለተሳነው ከእናቱ በተማረው የእጅ ምልክት ይግባባ እንደነበር ይነገራል።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ቼኒ ለክሊቫ በኑዛዜው 1 ዶላር ተወላት። በፊልም ላይ ለተጣለ ሰው ሁሉ እንድናዝን ያደረገን ሰው፣ ድምጿን ላጣችው ለልጁ እናት ይህን አደረገ። በጽሑፉ ላይ ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን ለእናቱ አንደበት የነበረ ልጅ አድጎ ሌላ እናት ከልጇ እንድትሰወር ማድረጉን ሳንናገር ሕይወቱን ነገርን ማለት አንችልም። ክሬይተን እናቱ በሕይወት መኖሯን ያወቀው አድጎ ነው። አባቱ ተዋናይ እንዲሆን አይፈልግም ነበር፤ ከእሱ ሞት በኋላ ግን ወደ ፊልም ገባ። ሥራ ሲጠፋበት ከእናቱ ቤተሰብ የመጣለትን ክሬይተን የሚለውን ስም ትቶ ሎን ቼኒ ጁኒየር ተባለ፤ በ1941 በወጣው «ዘ ዉልፍ ማን» ላይ ሳይፈልግ አውሬ የሚሆነውን ሰው ሆኖ ታወቀ። አባቱ የተቀበረው በግሌንዴል፣ ካሊፎርኒያ ነው። በመቃብሩ ላይ ስም አልተጻፈበትም።