ወይዘሮ ጆሴፊን ኮክረንና የሳህን ማጠቢያ መኪና

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ነገሥታት፤ የጦር አለቆችና አዲስ አገር ፍለጋ የሄዱ መርከበኞች ናቸው። እኛ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ የአንዲት የቤት እመቤትን ታሪክ ለመጻፍ መርጠናል። እኒህም ሴት የሳህን ማጠቢያ መኪናን አሠርተው ለሥራ ያበቁት አሜሪካዊቱ ወይዘሮ ጆሴፊን ኮክረን ናቸው። ምናልባት አንዳንድ አንባቢ ሳህን ማጠብ ደግሞ ምን ታሪክ አለው ይል ይሆናል። እንዲህ የሚል አንባቢ በሆሞሻ ሰርግ በተደገሰ ማግሥት ወደ ጓዳ ገብቶ የተከመረውን ትሪና ድስት ያላየ፤ ወይም አይቶ እጁን ወደ ሳፋው ያላስገባ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ጆሴፊን ጋሪስ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ማርች 8 ቀን 1839 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት በአሽታቡላ አውራጃ ተወለዱ። (ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት፤ የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር፤ ሁሉም በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) አባታቸው ጆን ጋሪስ መሐንዲስ ሲሆኑ በወንዝ ዳር የቆሙ ወፍጮዎችን ይቈጣጠሩ ነበር። በእናታቸው በኩል ደግሞ ትውልዳቸው ከጆን ፊች ነው። ጆን ፊች በእንፋሎት ኀይል የምትሄድ ጀልባ ሠርተው በ1787 ዓ.ም. በዴላዌር ወንዝ ላይ ያስኬዱ ብልኅ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ከድካማቸው ሳይጠቀሙ በ1798 ዓ.ም. በድህነት ሞቱ። ጆሴፊን የመሐንዲስነት ትምህርት አልተማሩም። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በኢንዲያና ግዛት በቫልፓራይዞ ከተማ ሲሆን፤ የሚማሩበት ትምህርት ቤት በእሳት ስለ ተቃጠለ በኢሊኖይ ግዛት በሼልቢቪል ከተማ ወደምትኖረው እኅታቸው ዘንድ ተላኩ። እዚያም በ1858 ዓ.ም. በ19 ዓመታቸው ዊሊያም ኮክረን የሚባለውን ነጋዴ አገቡ።

ዊሊያም ኮክረን ከጥቂት ጊዜ በፊት ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ያሰበውን ያህል ሳያገኝ የተመለሰ ሰው ነበር። በኋላ ግን በጨርቃ ጨርቅ ንግድ በለጸገ፤ በፖለቲካም ውስጥ ገብቶ በከተማው የታወቀ ሆነ። ባልና ሚስቱ በ1870 ዓ.ም. ወደ አንድ ሰፊ ቤት ገቡ፤ እንግዳም ከቤታቸው አይጠፋም ነበር። ራት በሚደረግበት ምሽት በገበታው ላይ የሚቀርበው ከዘመን ዘመን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስስና ውድ የቻይና ሸክላ ነበር። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን የቤቱ ሠራተኞች ሳህኑን ሲያጥቡ ጠርዙ ይሸረፍ ጀመር። ወይዘሮዋም ይህን ባዩ ጊዜ ተቈጥተው ሳህኑን ራሳቸው ማጠብ ጀመሩ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ለእንግዳ ብቻ የሚያወጡትን ሲኒ በቡፌ ውስጥ ቈልፈው ያስቀምጣሉ፤ ቡናው ካበቃ በኋላም ሲኒውን ለልጅ አይሰጡም፤ ራሳቸው አጥበው፤ ራሳቸው ወልውለው ይመልሱታል። በጠርዙ የተሸረፈ ሲኒ ለእንግዳ አይቀርብምና። ልዩነቱ እናቶቻችን ይህን ሥራ ሲሠሩ መኖራቸው ነው፤ ወይዘሮ ኮክረን ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ሰለቻቸው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ መኪና እስከ አሁን ለምን አልተሠራም ብለው አሰቡ፤ ማንም ካልሠራውም እኔ እሠራዋለሁ ብለው ተነሡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። ወይዘሮ ኮክረን መኪናውን ያሰቡት ለሠራተኞቻቸው እጅ አዝነው አይደለም፤ ለሳህናቸው ሠግተው ነው። በየሌሊቱ ቆመው ያጥቡ የነበሩት ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለ ስም ነው የሚነሡት። እኛ ይህን የምንጽፈው የወይዘሮዋን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። ነገር ግን በብዙ መጻሕፍት ውስጥ ለሴቶች ሁሉ ድካም ተቈርቍረው እንደ ተነሡ ሆኖ ሲተረክ እናያለን፤ ነገሩ እንዲያ አልነበረም።

ሐሳቡ ገና በሐሳብነቱ ሳለ በ1883 ዓ.ም. ባላቸው ሞተ። በሞተም ጊዜ ለሚስቱ የተወላት ጥቂት ገንዘብና ብዙ ዕዳ ነበር። እስከዚያ ድረስ መኪናው የባለጸጋ ሴት ምኞት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የዕለት እንጀራ ጉዳይ ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 44 ዓመት ነበር።

ወይዘሮ ኮክረን ከቤታቸው በስተጀርባ ባለው የማገዶ ማኖሪያ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያ ሳህኑን፤ ጐድጓዳውን፤ ሲኒውንም አንድ በአንድ ለኩ። ቀጥለውም ለእያንዳንዱ ዕቃ በልኩ የሚሆን የሽቦ ቤት አበጁ። እነዚህን የሽቦ ቤቶች በአንድ መንኰራኵር ዙሪያ አስቀመጡና መንኰራኵሩን በመዳብ በርሜል ውስጥ በጠፍጣፋው አጋደሙት። መንኰራኵሩ ሲዞር ሙቅ የሳሙና ውኃ ከሥር በኀይል እየተገፋ በሳህኖቹ ላይ ይረጫል፤ ከዚያም በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃሉ። የእጅ ሥራ የሚጠይቀውን ነገር ጆርጅ በተርስ የሚባል የባቡር ሐዲድ መካኒክ ይረዳቸው ነበር።

ከእርሳቸው በፊት ሳህን ማጠቢያ ለመሥራት የሞከረ አልነበረም ለማለት አንችልም። ጆኤል ሆውተን የተባለ አሜሪካዊ በ1850 ዓ.ም. በእጅ የሚዞር የእንጨት መሣሪያ ሠርቶ የባለመብትነት ወረቀት ተቀብሎ ነበር፤ ሆኖም መሣሪያው በሳህኑ ላይ ውኃ ከመበተን ያለፈ ሥራ አልሠራም። የወይዘሮ ኮክረን ብልኀት ሳህኑን በልኩ በተሠራ ቤት አስሮ መያዝና የሚፈትገውን ነገር ትቶ በውኃ ግፊት ብቻ ማጠብ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የሳህን ማጠቢያ መኪና ሁሉ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እንደሚመስለን ይህን ያገኙት ሳህኑ ሲሸረፍ ደጋግመው በማየታቸው ነው፤ ሳህን የሚሸረፈው ከእጅ ሲያመልጥና እርስ በርሱ ሲጋጭ ነውና።

ፓተንት የሚባለውን የባለመብትነት ወረቀት በዲሴምበር 28 ቀን 1886 ዓ.ም. በቍጥር 355139 ተቀበሉ። ይህም በእኛ አቈጣጠር በታኅሣሥ 1879 ዓ.ም. ማለት ነው፤ አዲስ አበባ የተቈረቈረችበት ዓመት መሆኑ ነው።

ወረቀቱ መገኘቱ ገንዘብ መገኘት አልነበረም። ባለጸጎቹ ገንዘብ እንዲሰጡ ሲለመኑ አንዲት ሴት የምትመራውን ሥራ አናምንም እያሉ ድርጅቱን ለወንዶች እንዲያስረክቡ ይጠይቋቸው ነበር። የተቀጠሩትም መካኒኮች የታዘዙትን ትተው በገዛ መንገዳቸው ይሠሩና ነገሩ ሲበላሽባቸው ወደ ወይዘሮዋ መንገድ ይመለሱ ነበር። መኪናውን ለመሸጥም ራሳቸው መሄድ ግድ ሆነባቸው። በመጀመሪያ በሺካጎ ከተማ ፓልመር ሃውስ ለተባለው ትልቅ ሆቴል ሸጡ። ቀጥለው ሸርማን ሃውስ ወደ ተባለው ሆቴል ሄዱ። በዚያን ዘመን የተከበረች ሴት ያለ ባልዋ ወይም ያለ አባትዋ ብቻዋን ወደ ሆቴል መግባት ነውር ነበር፤ ወይዘሮ ኮክረንም ከበር እስከ ውስጥ ያለውን ሰፊ አዳራሽ ብቻቸውን ማቋረጥ በሕይወታቸው ካደረጉት ነገር ሁሉ የከበደ ሆኖባቸው እንደ ነበር በኋላ ተናግረዋል። ቢሆንም አቋረጡት፤ የ800 ዶላርም ትእዛዝ ይዘው ወጡ።

ታላቁ ዕድላቸው የመጣው በ1893 ዓ.ም. በሺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ነው። በዚያ ሥፍራ በነበሩት ምግብ ቤቶች ውስጥ ዘጠኝ የወይዘሮ ኮክረን መኪናዎች ሳህን ሲያጥቡ ከርመዋል፤ ስለ አሠራራቸው ጥሩነትና ስለ ጥንካሬያቸውም ከፍተኛውን ሽልማት አገኙ። ትልቁ መኪና በሁለት ደቂቃ ውስጥ እስከ 240 ሳህን እንደሚያጥብ ይነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ሆቴሎች፤ ምግብ ቤቶች፤ ሆስፒታሎችና ኮሌጆች መግዛት ጀመሩ። ሆስፒታሎች የወደዱበት ምክንያት ሌላ ነው፤ የሰው እጅ የማይችለው ትኵስ ውኃ ሳህኑን ከእጅ ይልቅ ያነጻዋልና።

እንግዲህ ወይዘሮዋ ለቤት ብለው የጀመሩት መኪና ከቤት በቀር በሁሉም ሥፍራ ገባ። ለቤት የሚሆን ትንሽ መኪና ሠርተው ነበር፤ ነገር ግን ገዢ አልተገኘለትም። ዋጋው ውድ ነበር። ከዋጋውም ይልቅ የከፋው በዚያን ዘመን በአብዛኛው ቤት መኪናው የሚፈልገውን ያህል የሞቀ ውኃ አለመኖሩ ነው። በብዙ አገርም የጕድጓዱ ውኃ ጨው የበዛበት ስለ ሆነ ሳሙና አልሟሟ ይል ነበር።

ይህን ችግር እኛም በዓይናችን አይተነዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር አገር ለቀው የሄዱ አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ከተዉት አሮጌ ዕቃ መካከል፤ ከብርድ ልብስና ከተሰበረ ወንበር ሥር፤ አራት እግሩ በጎማ የሚንከባለል፤ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ነጭ ሣጥን አገኘን። ማቀዝቀዣ መስሎን ነበር። ስንከፍተው በውስጡ የሽቦ መደርደሪያ አየንና የሳህን ማጠቢያ መሆኑን ዐወቅን። ይህ ዓይነቱ መኪና በቤት ግድግዳ ውስጥ የማይገነባ፤ ሲፈለግ ወደ ቧንቧው ተገፍቶ ጎማው ከቧንቧው አፍ ጋር የሚያያዝ፤ ሥራው ሲያበቃም ወደ ጥጉ የሚመለስ ነው። ባለቤቶቹ እንድንወስደው ፈቅደው ስለ ነበረ ወደ ሆሞሻ አመጣነው።

የክዳኑ ጎማ ደርቆ ስለ ነበር ከብስክሌት ከመነዳሪ ቈርጠን አዲስ አበጀንለት። መኪናው የተሠራው ለአሜሪካ 110 ቮልት ስለ ሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ከመሰካት በፊት ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ተዋስን። የልብስ ሳሙና ዱቄት አረፋው እየበዛ የውኃውን ግፊት ስለሚገድለው አይሆንም፤ ስለዚህ ሶዳ ጨመርንበት። ቧንቧው በዚያን ቀን ውኃ ስላልነበረው በእንጨት ያፈላነውን ውኃ ከላይ እየገለበጥን ሞላነው። መኪናው እያጕረመረመ ሠራ። ብርጭቆውና ሳህኑ እጅግ ጠርቶ ወጣ፤ ሲኒውም አንድ ስንኳ አልተሸረፈም። የማሽላ ገንፎ የተሠራበት ድስት ግን እንደ ገባ ወጣ፤ ባሚያ የተሠራበትም እንዲሁ። እነዚህን እንደ ወትሮው አመድ ነስንሰው ሲፈትጓቸው ነው የለቀቁት።

ሁለት ጀሪካን ውኃ ጠጥቷል። ያን ውኃ ተሸክመው ያመጡት እኅቶቻችን ናቸው፤ ማገዶውንም የሰበሰቡ እነርሱ ናቸው። አንዲቱ እኅታችን ይህ መኪና ሳህን ማጠቡን ትቶ ውኃ ቢቀዳልን ይሻል ነበር ብላ ሳቀችብን። እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የወይዘሮ ኮክረን ትንሹ መኪና ለምን እንዳልተሸጠ በደንብ የገባን። መብራቱስ እየቀረበ ነው፤ በክልላችን በጉባ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። ውኃው በየቤቱ ካልገባ ግን ሣጥኑ ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ወይዘሮ ኮክረን በ1898 ዓ.ም. የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ፤ የሥራውም መሪ በማገዶ ማኖሪያው ውስጥ አብሯቸው የደከመው ጆርጅ በተርስ ነበር። ይህን ስናነብ ደስ ብሎናል፤ ብዙ ሰው ሲከብር የችግሩን ጊዜ ረዳት ይረሳልና። መኪናዎቻቸው ከአላስካ እስከ ሜክሲኮ ተሸጡ። እርሳቸውም ሥራውን ለሌላ ሳይተዉ በ1912 ዓ.ም. በ73 ዓመታቸው ለሆቴሎች ለመሸጥ ወደ ኒው ዮርክ ይጓዙ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በኦገስት 1913 ዓ.ም. በሺካጎ ሞቱ። በዚያው በፈረንጆች ዓመት በዲሴምበር ወር በእኛ አገር ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዐረፉ።

ድርጅታቸውን በ1926 ዓ.ም. ሆባርት የሚባለው ኩባንያ ገዛው። ለቤት የሚሆነው መኪና ኪችን ኤይድ በሚል ስም ለገበያ የወጣው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ወይዘሮዋ ከሞቱ ከ36 ዓመት በኋላ፤ በአሜሪካ በየቤቱ የሞቀ ውኃ በቧንቧ መውረድ ከለመደ በኋላ ነው። ስማቸውም በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ የፈልሳፎች የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። መቃብራቸው ሳህኑ በተሸረፈበት በሼልቢቪል ከተማ ነው።