ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ተወስዶ የተመለሰው የጎንደር ልጅ

በዚህ ዕትማችን በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ተብለው የሚታወቁትን፣ በኋላም በአገር አስተዳደር ያገለገሉትን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን እናስታውሳለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1864 ገደማ በጎንደር ከተማ ተወለዱ። ዘመኑ ለከተማይቱ የመከራ ዘመን ነበር፤ በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ። በ1868 እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ ሕፃኑ ከወላጆቹ ተለይቶ በአምባው ተገኘ። ቻምበርሌይን የተባለ የጦር መኮንንም ወደ ህንድ ወሰደው። ከእርሱና ማርቲን ከተባለው ሌላ አሳዳጊው በተወሰደ ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። እንዲህም ሆኖ የአባቱን ቤት፣ ስሙንና ቋንቋውን አጣ።

በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተምረው በ1882 ተመረቁ። በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አስፋፍተው በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት ሠሩ። ኑሯቸው የተደላደለ ነበር። ሆኖም ከዓድዋ ድል በኋላ ልባቸው ወደ ትውልድ አገራቸው አዘነበለና በ1899 ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አያታቸው በአካላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው፤ እርሳቸው ግን የእናት ቋንቋቸውን ረስተው ስለ ነበር ከወገኖቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር።

ወደ በርማ ተመልሰው ከሠሩ በኋላ፣ በ1919 ጡረታ ወጥተው በአገራቸው ለመኖር ቈረጡ። ከዚህ በኋላ የሐኪሙ ሥራ ከታማሚው አልጋ አልፎ ሄደ። በአዲስ አበባ በዳኝነት ተቀመጡ፤ በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መሩ፤ ፍቅርና አገልግሎት የተባለ ማኅበር አቋቁመው ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት እንዲዳረስ ደከሙ። ቋንቋውን ረስቶ የመጣው ሰው በ1928 የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አሳተመ። በ1927ም በጎንደር ደጅ ባለው በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለ ታሰበው ግድብ እንዲነጋገሩ ወደ አሜሪካ ተላኩ። በ1930 የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ለሌሎች አርአያ እንድትሆን አለሟት።

የጣልያን ወረራ ሲመጣ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ፤ ለአገራቸው ድጋፍና ገንዘብ ለማሰባሰብ ደከሙ። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር በምሕንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ በ1937፣ በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው አደጋ በኋላ በጣልያኖች ተገደሉ። አባት ልጆቹን ሳይቀብር በባዕድ ምድር ቀረ። በ1942 ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1952ም በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ሙሴ በፈርዖን ቤት አድጎ፣ የግብፅን ጥበብ ሁሉ ከተማረ በኋላ ወንድሞቹን ሊጎበኝ እንደ ወጣ እናስተምራለን። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት ይህን ያስታውሰናል። ዛሬም ከደጋው መንደሮቻችን ለትምህርትና ለእንጀራ ወደ ሩቅ የሚሄዱ ልጆች አሉን። ሁሉም አይመለሱም፤ በዚህም ልንፈርድባቸው አይገባንም። የእኛ ድርሻ ግን እንደዚያች አያት መሆን ነው፤ ልጃችን ስሙ ተለውጦ፣ ቋንቋው ጠፍቶበት ቢመጣ እንኳ፣ በጠባሳው አውቀን ልንቀበለው ይገባናል።