ከልብስ አጣቢዎች የተማሩት ፕሮፌሰር

የማኅበራችን ኮሚቴ ለዘንድሮው የዓመት መጽሐፍ በዩኒቨርሲቲያችን ካለፉ ታላላቅ ሰዎች የአንዱን ሕይወት እንድጽፍ ሲጠይቀኝ ብዙም አላሰብኩም፤ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን መረጥኩ። አንዱ ምክንያት ሐኪም መሆኔ ነው። ሌላው ምክንያት አያቴ ናት።

ያደግኩት የካ ውስጥ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። በልጅነቴ ከእንጦጦ የሚወርደው የቀበና ወንዝ ልብስ ይታጠብበት ነበር። አያቴ ለነጠላና ለጋቢ ሳሙና አትወድም። በአጥራችን ላይ የተንጠላጠለውን እንዶድ ፍሬው ሳይበስል ትለቅምና አድርቃ፣ ወቅጣ ታስቀምጠዋለች። ዱቄቱ ያስነጥሰን ስለነበር ስትወቅጥ እኛ ልጆች እንሸሽ ነበር። አረፋው ግን ድንቅ ነበር፤ ጋቢው ነጭ ሆኖ ድንጋይ ላይ ይሰጣል። ያንን አረፋ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ያላየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ወደ ታች የወረደው አረፋ ምን እንደሚሠራ ጠይቀው እስከ መጨረሻው የተከታተሉት ግን አክሊሉ ለማ ናቸው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ በሐረርጌ ነው። ወደ አሜሪካ ሄደው ተምረው፣ በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወጣቱ ተመራማሪ በዚያው ዓመት አድዋ ወረዱ። ሥራቸው የቢልሃርዝያን ስርጭት ማጥናት ነበር።

ሕክምና ላልተማሩ አንባቢዎቻችን በአጭሩ ላስረዳ። የቢልሃርዝያ ትል እንቁላል ከታማሚው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወንዝ ይገባል። እንቁላሉ ሲፈለፈል የሚወጣው እጭ ትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ወንዝ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ ወይም ልብስ የምታጥብ እናት ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ጉበት ይጠጥራል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ ደም ያስመልሳል። ታዲያ ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ያኔ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ኬሚካል ከውጭ በውድ ዋጋ የሚመጣ ስለነበር የገጠር ቀበሌ አቅም አይችለውም።

አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ያጥባሉ። አክሊሉ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን አስተዋሉ። እዚያው ከወንዙ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ለቅመው፣ አንዷን አጣቢ የአረፋዋን ውኃ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ትልቁ ግኝት በዚህ ጀመረ፤ ላቦራቶሪው አንድ ዕቃና አንዲት ልብስ አጣቢ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ ነው ይባላል። እኔ ግን ይህ አባባል ለሰውየው የሚገባቸውን አይሰጣቸውም ባይ ነኝ። አጋጣሚው ለሁሉም እኩል ነበር። እሳቸው ያመጡት ትልን፣ ቀንድ አውጣን፣ ተክልንና የሴቶችን የዕለት ሥራ በአንድ ዓይን የማየት ልማድ ነው። እኛ ስንማር እነዚህ በአራት የተለያዩ ክፍሎች ነበሩ፤ አራተኛውን ጭራሽ ያስተማረን የለም።

በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ይኸው ተቋም ነው። እዚያ ከቢልሃርዝያ ሌላ ሊሽማንያሲስንም አጥንተዋል። የእንዶድ ጥያቄ ግን በአንድ ሙያ የሚፈታ አልነበረም። ገዳዩ ንጥረ ነገር የቱ ነው ለሚለው ኬሚስት ያስፈልጋል፤ በካሊፎርንያ ከሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ባለሙያዎች ጋር ሆነው ሳፖኒን ከሚባለው አረፋ ሰጪ ቤተሰብ የሆነውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ በስማቸውም ለማቶክሲን ተባለ። የትኛው እንዶድ ብዙ ያፈራል፣ ተባይስ ይቋቋማል ለሚለው ደግሞ የእርሻ ሰው ያስፈልጋል። ይህንን የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ተሸከሙት። ከየአካባቢው የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ እያፈሉና እያወዳደሩ፣ ቁጥር 44 የተባለውን ምርጥ ዓይነት ለዩ።

ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመት አድዋ ላይ እንዶድ ወደ ወንዞቹ እየተጨመረ ሕዝቡ ተመረመረ። በቢልሃርዝያ የተያዘው ሰው ከመቶ 63 ወደ 34 ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። የሕፃናቱን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ሕፃን የቆየ በሽታ የለውም፤ የሚይዘው አዲስ በሽታ ነው። ስለዚህ ያ ቁጥር የሚናገረው ወንዙ ራሱ ምን ያህል እንደጸዳ ነው።

እንዲህ ያለ ውጤት በማግስቱ አገር ያዳርሳል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልሆነም። ለሰፊ አገልግሎት የዓለም የጤና ድርጅትን ድጋፍ ለማግኘት የመርዛማነት ጥናት ተጠየቀ፤ እዚህ አገር የተሠራው በቂ ሆኖ አልተቆጠረም። ጥናቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቀ ላቦራቶሪ ይሠራ ቢባል ገንዘቡ የለም። አንድ የመድኃኒት ኩባንያ እንዳይከፍል፣ በየአጥሩ ከሚበቅል ተክል ምን ያተርፋል? የአፍሪካ ተመራማሪ ውጤት በአፍሪካ ስለተገኘ ብቻ መጠራጠሩ ፕሮፌሰሩን እስከ መጨረሻው ያንገበግባቸው ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በኋላም በዩኒሴፍ ሲሠሩ እንኳ እንዶድን አልተዉትም።

እዚህ ላይ የራሴን አንድ ነገር ልናገር። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በአንድ የገጠር ሆስፒታል ስሠራ አንዲት ልጅ እያስመለሳትና እያስቀመጣት አመጡልኝ። ያልፈለገችውን እርግዝና ለማስወረድ እንዶድ በጥብጣ ጠጥታለች። በግሉኮስ ሦስት ቀን ታገልንላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። እኔ ምን ያህል ጠጣሽ ብዬ ጠይቄ መዝገቧ ላይ ጻፍኩ። ማን ነገረሽ፣ ከሰፈራችሁ ስንቷ ትጠጣለች፣ ስንቷስ ሞተች ብዬ አልጠየቅኩም። ተረኛ ነበርኩ፣ ደክሞኝ ነበር፣ ወረፋው ረጅም ነበር። በዚያው ወር ሌላዋ መጣች። እሷ አልተረፈችም።

ስለዚህ መርዛማነቱ ይጠና መባሉ ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዶድ እንደ ጎመን የሚታይ ተክል አይደለም። ሰው የሚጠጣው ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መጠናት አለበት። ያስቆጨኝ ጥያቄው የተጠየቀበት ሳይሆን መልሱ የዘገየበት ነው። የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ወጪውን ሸፍኖ ጥናቱ የተሠራው ከአድዋ ውጤት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። በዚያ መሐል ፕራዚኳንተል የተባለው ክኒን መጥቶ የዓለም ዓይን ወደ ሕክምናው ዞረ። ክኒኑ ጥሩ ነው፣ እኔም አዝዣለሁ። ግን ክኒን የዋጠ ልጅ ተመልሶ እዚያው ወንዝ ይገባል።

ክብሩ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። በ1989 ፕሮፌሰር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊሰጣቸው ጠራቸው። በዚያ ሰሞን የአካባቢው ሰው በሐይቁ ዜብራ መስል በሚባል ባለ ዛጎል እንስሳ ተቸግሮ ነበር፤ የውኃ ቧንቧ ውስጥ ተጣብቆ ይደፍናል። ከዩኒቨርሲቲው ሳይንቲስቶች ጋር እንዶዱ ተሞከረና ሠራ። የባለቤትነት መብቱ ግን ለዩኒቨርሲቲው ተመዘገበ፤ እናቶቻችን ለዘመናት ያጠቡበት ዕውቀት የማን ነው የሚለው ክርክርም ተነሣ። ክርክሩ ዛሬም በየሕግ ትምህርት ቤቱ ይነሣል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ በሚያዝያ 1997 አረፉ። እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ስማቸውን የሰማሁት ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቼ ነው።

ባለፈው ክረምት ወደ እንጦጦ ስወጣ መንገድ ዳር እንዶድ አየሁ። የቀበና ውኃ ግን ዛሬ ልብስ የሚታጠብበት አይደለም። አንድ ፍሬ ጨምቄ አረፋውን አየሁና የዚያች ሁለተኛ ልጅ ነገር ትዝ አለኝ። አሁን ተረኛ ሐኪሞች ሳስተምር መዝገቡ ላይ አንድ መስመር እንዲጨምሩ እጠይቃቸዋለሁ፦ ማን ነገረሽ፣ ሌላስ ማን ጠጣ? አንዳንዶቹ ጊዜ የለንም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ እኔም አልነበረኝም። ያም ሆኖ ከአሥራ አንድ ወር ወዲህ የተሰበሰቡ ገጾች ጠረጴዛዬ ላይ አሉ። ቁጥር የሚያውቅ፣ ኬሚስትሪ የሚያውቅ፣ ማኅበረሰብ የሚያጠና የቀድሞ ተማሪ ወይም መምህር ካለ፣ በስብሰባው ዕለት ሻይ ላይ ይፈልገኝ። ብቻዬን የምጨርሰው አይደለም።