ወንበር ያልነበራቸው መምህር፦ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ (1878–1911 ዓ.ም.)

ዘንድሮ የምንገናኘው ጎሮ ነው። ብዙዎቻችን ተማሪ በነበርንበት ጊዜ ጎሮ የከተማው ዳር፣ የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ አይሲቲ ፓርኩ አለ፣ አፓርታማው አለ፤ ትንሽ እልፍ ሲሉ ደግሞ የቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛል። እዚያ ወጣቶቻችን ለውጭ ገበያ ልብስ ይሰፋሉ። ከዚህ ሥራ ለሀገር የሚተርፈው ምን ያህል ነው የሚለው ክርክር መቼም ከመካከላችን ጠፍቶ አያውቅም። የጥያቄውን ሥር በአማርኛ ቀድመው የጻፉት ሰው ግን ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የዘንድሮው ዓምዳችን የእሳቸው ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. ዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የአፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት ጦርነት እሳቸውም ወደቁ። ልጁ ያኔ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ያ ዘመን ደግሞ ክፉ ቀን የምንለው ነው፤ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ሕዝቡ በረሃብ ረገፈ። ጦርነትና ረሃብ አንዱ ሌላውን እየጎተተ እንደሚመጣ ገብረ ሕይወት ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ አድገውበታል።

ልጁ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ደረሰ። ቀጥሎ የሆነው ነገር እንደ ተረት ነው። ከጓደኞቹ ጋር ወደብ ላይ የቆመ የጀርመን መርከብ ሊያይ ወጣና መርከቡ ይዞት ሄደ። አውሮፓ ሲደርስ አንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደገው። ጀርመንኛ ተማረ፤ ትምህርቱንም ገፋ። ጎልማሳ ሆነው ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት ለማገልገል በቁ።

ቤተ መንግሥቱ ግን ያን ጊዜ ጤና አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ ታመዋል፤ መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። ገብረ ሕይወት ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከስደቱ በኋላም ጤና ርቋቸው ሳለ የመጀመሪያውን ትልቅ ጽሑፋቸውን ጻፉ፤ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ይህ ሥራ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ በሚስዮኑ «ብርሃን ይሁን» መጽሔት ወጣ። ንጉሡ ገና በሕይወት ሳሉ የመንግሥታቸውን ጉድለት በስም እየጠሩ መጻፍ ቀላል ድፍረት አልነበረም። ታሪክ ጸሐፊ የሆነውን የሚያስተውል አእምሮ፣ የማያዳላ ልብና የጠራ ቋንቋ ያስፈልገዋል ያሉትም በዚሁ ጽሑፍ ነው። መጨረሻ ላይ ለወጣቱ ልጅ ኢያሱ የማሻሻያ ሐሳቦችን ደርድረዋል፦ የንጉሡና የመንግሥቱ ገንዘብ ይለይ፣ ግብሩ የታወቀ ይሁን፣ ሕጉ ለሁሉ አንድ ይሁን፣ ወታደሩ ይሠልጥን፣ ጉምሩኩ ሥርዓት ይያዝ፣ የሃይማኖት ነጻነት ይኑር። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ መካከል ዛሬም የምንከራከርባቸው አሉ።

በልጅ ኢያሱ ዘመን ወደ አገልግሎት ተመለሱ። የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ ቀጥሎም የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ፣ ነጋድራስ ተባሉ። ይህ ሹመት ለእሳቸው ከማንኛውም ቤተ ሙከራ ይበልጥ ነበር። ቡናው፣ ቆዳው፣ ሰሙ በዓይናቸው ሥር ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ጨርቁና የፋብሪካው ዕቃ በዚያው ባቡር ይወጣል። ብዙ የአፈርና የጉልበት ውጤት ሄዶ ጥቂት የዕውቀት ውጤት ሲመጣ ቆመው ያዩ ነበር። በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው አረፉ። ዋናው መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አዲስ አበባ የታተመው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ ምን አሉ? የሀብት ሁሉ ምንጭ ሥራ ነው አሉ። ሥራን የሚያበዛው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ያለውና የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ የሚጎዳው ሁልጊዜ የኋለኛው ነው። ባቡር ብቻውን ሀገር አያበለጽግም፤ በሀገር ውስጥ የሚሠራ ከሌለ የሰውን ዕቃ ማስገቢያ መንገድ ብቻ ይሆናል። ይህን የጻፉት የላቲን አሜሪካው ራውል ፕሬቢሽ ተቀራራቢ ሐሳብ ይዞ በዓለም ከመታወቁ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። የእኛው ኢኮኖሚስቶችም ሁለቱን ማነጻጸር ከጀመሩ ሰንብተዋል።

ለኛ ይበልጥ ሊከብደን የሚገባው ግን ስለ ጦርነት ያሉት ነው። የሰው እውነተኛ ባላጋራ ሌላው ሰው ሳይሆን ተፈጥሮ ነው፤ የሚጠቅመውም ድል ተፈጥሮን በዕውቀት ማሸነፍ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሰው ግን ከመሥራት ይልቅ የሠራውን መቀማት ሲቀለው ይዘምታል። ወታደሩ ከገበሬው ጎተራ እየበላ በኖረበት ሀገር ገበሬው ከዕለት ጉርሱ አልፎ ለማምረት ምን ምክንያት አለው? ቢያተርፍ ይወሰድበታል። ስለዚህ ድህነቱ የስንፍና ሳይሆን የሥርዓት ውጤት ነው። ሰላምም ከመልካም ምኞት አይመጣም፤ ለወታደሩ ደመወዝ፣ ለገበሬው የታወቀ ግብር፣ ለሁሉም ሕግ ሲኖር ይጸናል። ዛሬ የግጭትና የሰላም ፖለቲካል ኢኮኖሚ ብለን ኮርስ የምንሰጥበት ነገር እኮ ይኸው ነው።

ጉድለትም አለባቸው። ለውጡ ከላይ፣ ከአንድ ብልህ ንጉሥ እንዲመጣ ጠብቀዋል፤ ንጉሡ ባይሰማስ፣ ገበሬው በምን ይጠይቀዋል ለሚለው በቂ መልስ አልተዉልንም። ከዚያ ወዲህ የተነሡት የእኛ ትውልዶች ያንን መልስ ሲፈልጉ ብዙ ሕይወት ከፍለዋል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት እሳቸው ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፎ ነበር። ከእኛ ስንቶቻችን ነን ስማቸውን ሳንሰማ የተመረቅን? ስለ ጦርነትና ድህነት ከውጭ መጻሕፍት አነበብን፤ በራሳችን ቋንቋ የተጻፈው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የሆነውን ጦርነት ያየን ሰዎች፣ ተማሪዎቻችንንና ዘመዶቻችንን በየግንባሩ ያጣን ሰዎች፣ ይህን ቸልታ እንደ ትንሽ ነገር ልናልፈው አይገባም። እሳቸው የተወለዱበት የዓድዋ ምድርም ያን ጊዜ እንደገና የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ከመምህራኖቻችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ያች ቀጭን መጽሐፍ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ትድረስ፤ በአማርኛ ይነበብ፣ ይተች፣ የሚጣል ካለም ይጣል። እኛ የቀድሞዎቹ ደግሞ ጎሮ ስንገናኝ ከቡናው በኋላ አንድ ሰዓት እንስጣቸው። ወንበር ያልነበራቸው መምህር ቢያንስ ተማሪ ያግኙ።