ሉድቪግ ፕራንትል፤ በክንፍ ላይ ያለውን ስስ አየር የመረመረ መምህር



በጉለሌ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ሁላችንም ቀና ብለን እናያለን። ክንፉ ያን ያህል የሚለሰልሰው ለምንድን ነው ብለን ግን እምብዛም አንጠይቅም። ለመልሱ መንገድ የከፈተው ሰው እንደኛው የማስተማርን ሙያ የያዘ ነበርና ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉድቪግ ፕራንትል በ1875 በጀርመን አገር፣ ፍራይዚንግ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የግብርና ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። እናቱ ሕመምተኛ ስለነበሩ ልጁ ብዙውን ጊዜ ከአባቱ ጋር ያሳልፍ ነበር፤ ተፈጥሮን አስተውሎ ማየትንም ከሳቸው ተማረ። በ1900 በሙኒክ የዶክትሬት ዲግሪውን አግኝቶ ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚያም የእንጨት ፍቅፋቂ በአየር የሚስብ መሣሪያ ሲያሻሽል፣ አየሩ ቱቦው በሰፋበት ቦታ ከግድግዳው እንደሚላቀቅ አየ። ለምን? ይህች ጥያቄ አልለቀቀችውም።

በ1901 በሃኖቨር ፕሮፌሰር ሆነ። መሞከሪያው ውድ ነገር አልነበረም፤ ውሃ በእጅ በሚዘወር መዘውር የሚሽከረከርበት ገንዳ ነው። በ1904 በሃይደልበርግ ለተሰበሰቡ የሒሳብ ሊቃውንት ውጤቱን አቀረበ፤ ጽሑፉ 8 ገጽ ብቻ ነበር። አየር በክንፍ ላይ ሲያልፍ ገጹን የነካው ቆሞ ይቀራል፣ ከላይ ያለው ይሮጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ሽፋን እጅግ ስስ ቢሆንም የክንፉን ነገር የሚወስነው እሱ ነው አለ።

ይህ ሽፋን ሁለት ጠባይ አለው። የእጣን ጭስን እናስተውል፤ ከማጨሻው ቀጥ ብሎ ይነሣና ከፍ ሲል ይታወካል። ሽፋኑም መጀመሪያ ሥርዓት ይዞ ይፈስሳል፣ ኋላ ይታወካል። ታዲያ የሚያውከው ምንድን ነው?

አንዱ ሻካራነት ነው። የፓሪሱን የብረት ማማ ያሠራው ኤፌልና የፕራንትል ጓደኞች ነፋስ ኳስን የሚገፋበትን ኃይል ቢለኩ ውጤታቸው ከእጥፍ በላይ ተለያየ። ፕራንትል በ1914 በኳሱ ፊት ላይ ቀጭን የሽቦ ቀለበት አሰረ። ሽቦው ሽፋኑን አወከው፤ የታወከው ሽፋን ግን ኳሱን ይበልጥ ተከትሎ ስለሄደ ግፊቱ ቀነሰ! በክንፍ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሁከት ሰበቃን ይጨምራል፣ ነዳጅ ይበላል። ክንፍ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ቶልሚን በ1929፣ ሽሊሽቲንግ በ1933 ሁከት የሚጀምረው ከጥቃቅን ሞገዶች እንደሆነ በሒሳብ አሳዩ፤ ሁለቱም የፕራንትል ተማሪዎች ነበሩ። ብዙዎች አላመኑም፤ የመሞከሪያ ዋሻዎቹ ራሳቸው ሁከት የበዛባቸው ስለነበሩ ሞገዱ አይለይም ነበር። በ1940ዎቹ በአሜሪካ ሹባወርና ስክራምስታድ ጸጥ ባለ ዋሻ ሞገዶቹን አዩ፤ በድምፅ ማጉያም ሊቀሰቅሷቸው ቻሉ። የድምፅ ሞገድ ረጅም ስለሆነ ብቻውን ከሽፋኑ ሞገድ ጋር አይገጥምም፤ ትንሽ ጉብታ ሲያገኝ ግን ወደ አጭር ሞገድ ይለወጣል። ሻካራነትና ድምፅ እንዲህ ይተጋገዛሉ።

የዚህ ሰው ታሪክ አገራችንንም ይነካል። በ1935 ፕራንትል ስለ ፈጣን በረራ በተደረገው የሮም ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ነበር። ጉባኤው ገና ሳይበተን፣ ኦክቶበር 3 ቀን (መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.) የጣሊያን አውሮፕላኖች ዐድዋን ደበደቡ። ፕራንትል የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም፤ ባለሥልጣኖች የተነሡበትን ሃይዘንበርግንም ተሟግቶለታል። ይሁን እንጂ ለዚያ መንግሥት የአየር ሚኒስቴር በምርምሩ አገልግሏል፤ በ1938ም ለእንግሊዛዊ ባልደረባው በጻፈው ደብዳቤ መንግሥቱን ደግፏል። በ1953 በጎቲንገን አረፈ።

እኛ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንይዛለን። ተማሪ የሚጠይቀውን ትንሽ ጥያቄ አንናቅ፤ ቀጭን ሽቦ ስንቱን ነፋስ እንደለወጠ አይተናል። ክንፍ እንዴት እንደሚበር ስናስተምርም፣ የት እንደሚበርና ምን እንደሚጥል መጠየቅን አብረን እናስተምር።